የስፖርት ምንጣፍ ስትገዙ ወፍራም ሁሉ ጥሩ አይደለም

ቤት ውስጥ ስፖርት ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ምንጣፍ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልንገራችሁ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት 15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ነበር። ተኝቼ ስሠራ ይመቸኛል። በአንድ እግሬ ስቆም ግን ቁርጭምጭሚቴ ይዋልላል። ስፖንጁ ስለሚሰምጥ እግር የሚረግጠው ጠንካራ ነገር ያጣል።

ስለዚህ ለዮጋና ቆመው ለሚሠሩት እንቅስቃሴዎች ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ይበቃል። ለሆድና ለወገብ፣ በተለይ ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ፣ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ይሻላል። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ቀጭኑን ገዝታችሁ ከጉልበታችሁ ሥር ፎጣ አጣጥፋችሁ አድርጉ። ስትመርጡ መዳፋችሁን ጫን አድርጋችሁ ወደፊት ግፉ። እጃችሁ ከተንሸራተተ ተዉት። የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራውን ይራቅ።

አያያዝ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ላብ እንደነካው ጠቅልለን ስናስቀምጠው ነው። እርጥበቱ ውስጡ ይታመቅና መሽተት ይጀምራል፤ ሊሻግትም ይችላል። ከስፖርት በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉትና አናፍሱት። አዘውትራችሁ የምትሠሩ ከሆነ በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እሹት። ሳሙናው በደንብ ይልቀቅ፤ የቀረ ሳሙና ያንሸራትታል። በረኪና ግን በፍጹም! ፀሐይ ላይም አታስጡት፤ ጎማውን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። ጥላ ሥር ሁለቱም ገጽ እስኪደርቅ ጠብቁ። ስትጠቀልሉት የላዩን ፊት ወደ ውጭ አድርጉ። ያኔ ስትዘረጉት ጫፉ ወደ ላይ ተነሥቶ አያደናቅፋችሁም።