ሺፍት ሲቀያየር ቤቱም ወገቡም እንዳይናጋ

የምሠራው ደብረ ብርሃን ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ሺፍታችን በየሳምንቱ ይዞራል። አንዱ ሳምንት ከጠዋቱ 12 እስከ 8 ሰዓት ነው፣ ቀጣዩ ከ8 እስከ ማታ 4፣ ከዚያ ደግሞ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12። ባለቤቴ በአይሱዙ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳል። ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ ደብረ ሲና ያድራል። «ማታ እገባለሁ» ያለው ሰው በማግስቱ ረፋድ ላይ ይደርሳል። ሁለት ልጆች አሉን። እናቴም ከመንዝ መጥታ ከእኛ ጋር ናት። እንዲህ ባለ ቤት ለእያንዳንዷ ሰዓት ፕሮግራም አውጥቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል፣ ግን እስከ ረቡዕ አይዘልቅም።

ሥራ ላይ ያሉ እህቶቼ «ቤቱንም ስፖርቱንም እንዴት አንድ ላይ ታስኬጂዋለሽ?» ይሉኛል። ለእነሱ የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው።

ብዙ ሰው እንደ ሁኔታው መሆን የጠባይ ጉዳይ ይመስለዋል። «እሷ ቀለል ያለች ናት፣ ሁሉን ትችላለች» ይባላል። እኔ አልስማማም። እንደ ሁኔታው መሆን የሚችለው አስቀድሞ ትርፍ ያስቀመጠ ነው። የመንዝ ገበሬ በጥርና በየካቲት ለበልግ ይዘራል። የበልጉ ዝናብ ከቀረበት ወደ መኸር ይዞራል። መዞር የሚችለው ግን ዘር ያስተረፈው ነው። ዘሩን የጨረሰ ሰው ልቡ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ምን ሊዘራ? ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ትርፉን ከየት እንደምታገኙት ነው።

ቤት ውስጥ፦ መጀመሪያ የማይነካውን ለዩ

እሁድ ቡና ላይ ሁሉም ባለበት ተቀመጡ። በሳምንቱ ምንም ቢመጣ የማይነኩ ነገሮችን ምረጡ። ጥቂት ይሁኑ። በእኛ ቤት ከሌሊት ሺፍት በኋላ ያለው እንቅልፌ አይነካም። ልጆቹ ራት ሲበሉ ከሁለታችን አንዳችን ወይም እናቴ አብራ ትቀመጣለች። እሁድ ሥራ ከሌለ ቅዳሴ አይቀርም። የቀረው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ልብስ ማጠብ፣ ገበያ፣ ዘመድ ጥየቃ ቀናቸው ቢቀየር ማንም ቅር አይለውም። እንዲህ የምለው አስቀድመን ስለተነጋገርን ነው።

ትልልቅ ሰው ካላችሁ መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ። እናቴ ከመንዝ እንደመጣች «ልጆቹን ቤት ውስጥ እይዛለሁ፣ ምግባቸውን አቀርባለሁ፣ ትምህርት ቤት ማመላለስ ግን ጉልበቴ አይፈቅድም» አለች። ይህን በመናገሯ ትልቅ ነገር አቀለለችልን። የሰው አቅም ሲታወቅ ሥራው በልኩ ይከፋፈላል። ማመላለሱን ከጎረቤቴ ጋር ተከፋፈልነው። እኔ የሌሊት በገባሁበት ሳምንት እሷ ትወስዳቸዋለች። የከሰዓት በምገባበት ሳምንት ጠዋት ጠዋት የእሷንም የእኔንም ይዤ እወጣለሁ።

ቀን ለመተኛት መጋረጃው ወፍራም ይሁን፣ ስልኩም ይዘጋ። ቡና የምትጠራችሁን ጎረቤት ግን በዝምታ አትለፏት። «የሌሊት ገብቼ ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ» በሏትና በተባለው ሰዓት ሂዱ። ቃል ከተከበረ ማንም አይቀየምም።

ጓዳ ውስጥ ደግሞ እሳት የማይፈልግ ምግብ አይጥፋ። እኛ ዘንድ ገብስ ሞልቷል፣ ስለዚህ በሶ አይታጣም። ትልቋ ልጄ በሶውን በጨውና በትንሽ ዘይት ለውሳ፣ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረገች ጭብጦ ታደርገዋለች። ባለቤቴ ደብረ ሲና ባደረ፣ እኔም ፋብሪካ በሆንኩ ምሽት በሶ ቤቱን ያቆመዋል። ዳቦ ቆሎና ድርቆሽም እንዲሁ።

ሥራ ላይ፦ መብትን ማወቅ ትርፍ ነው

ሺፍት መቀያየር ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ስጡ። ባልደረባችሁ ማኅበር ሲኖርባት እናንተ ግቡላት። በኋላ ስትጠይቋት እጇን አትሰበስብም። ቅያሪው ግን በቃል ብቻ አይቅር። ቀኑንና የሁለታችሁን ስም ጽፋችሁ ሱፐርቫይዘሩን አስፈርሙ። አንድ ሺፍት ጨርሶ ወዲያው ሌላውን መድገም ደግሞ በፍጹም አይሆንም። የደከመ ሰው ማሽን ላይ ጣቱን ያጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ብዙ በር ይከፍታል። የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል። ለሐዘን ወይም ለራስ ሠርግ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር አለ። ሚስቱ የወለደችለት አባትም 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል። ከባድ ነገር ሲገጥም ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ይፈቀዳል፣ ይህ በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። እኔ ከዓመት ፈቃዴ ግማሹን ለክረምት አስቀምጣለሁ፣ ልጆቹ ያን ጊዜ ቤት ናቸው።

ኦቨርታይምም ወሰን አለው፤ በቀን 4 ሰዓት፣ በሳምንት 12 ሰዓት። ቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ከሆነ 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ሁሉንም ኦቨርታይም እሺ የሚል ሰው ታጋሽ ይባላል እንጂ ትርፍ ጊዜ አያስቀርም። ልጁ በታመመ ቀን የሚሰጠው ሰዓት የለውም። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው፣ ወጣት ልጆች ሲጎዱበት ስለማይ።

ሰውነት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መሆን አለበት ይባል ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ይህን አስቀርቶታል። አምስት ደቂቃም ትቆጠራለች። ለሺፍት ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ዜና የለም።

ስለዚህ ስፖርቴን በሦስት መጠን አዘጋጅቻለሁ። ትልቁ ከከተማው ወጣ ብሎ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። መካከለኛው 20 ደቂቃ፣ ቤት ውስጥ፣ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ ያለበት። ትንሹ መሳሳብ ብቻ፣ ማለትም ጡንቻን ቀስ አድርጎ መወጠር። የትኛው እንደሚሠራ የምወስነው በእንቅልፌ ነው። በደንብ ከተኛሁ ትልቁን፣ እንቅልፍ ካጣሁ ትንሹን። ትንሹ በመሆኑ አላዝንም፣ እሱም የፕሮግራሙ አካል ነው።

የኛን ብርድ አትናቁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይቀመጣል። በቀዘቀዘ ጡንቻ መሳሳብ ጉዳት ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባላችሁበት ተራመዱ፣ ክንዳችሁን አወዛውዙ። ፊታችሁ ሞቅ ሲል ጀምሩ።

ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የምመርጠው በነጠላ የሚሠራውን ነው። አሮጌ ነጠላ በርዝመቱ እጠፉ። ምንጣፍ ላይ በጀርባችሁ ተኙ። ነጠላውን በአንድ እግር መርገጫ ሥር፣ ጣቶቹ አጠገብ አሳልፉና ሁለቱን ጫፎች ያዙ። እግሩን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ። ጉልበት ትንሽ ቢታጠፍ ችግር የለውም። ሌላኛው እግር መሬት ላይ ይዘርጋ። ከጭን ኋላ ሲወጠር እግሩን እዚያው ላይ አቁሙት፣ አትግፉት፣ አታነጥሩት። እየተነፈሳችሁ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ቆዩ። ትንፋሽ ሲወጣ ውጥረቱ በራሱ ይለቃል፣ ያን ጊዜ ብቻ ጥቂት ሳቡ። ከዚያ ወደ ሌላው እግር። በእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ለባት አንድ እግር ወደ ኋላ አድርጋችሁ ግድግዳ ግፉ። የኋላው ተረከዝ ከመሬት አይነሳ። ለወገብ ተንበርክካችሁ መቀመጫችሁን ወደ ተረከዝ ሳቡና ግንባራችሁን መሬት አስነኩ። እናቴ ይህንን ስታይ «ይሄማ ስግደት ነው» ብላ አብራኝ ጀመረች። ጉልበቷ ስለሚያማት በእሷ በኩል ትራስ ከጉልበቷ ሥር ይገባል።

አበበ ቢቂላ የሸዋ ሰው ነው፣ ጃቶ ነው የተወለደው። ሮም ላይ በ1952 በባዶ እግሩ ሮጠ፣ የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው። ቶኪዮ ላይ በጥቅምት 1957 ጫማ አድርጎ ሮጠ። ያውም ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ከመስመሩ እንዳለፈ ሜዳው ሣር ላይ ገብቶ ሰውነቱን ማሳሳብ ጀመረ። ተመልካቹ ጉድ አለ። በ1961 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላም ቀስት ይዞ ተወዳደረ። እንቅስቃሴ ለምን መልኩን እየቀየረ መቀጠል እንዳለበት ልጆቼ ሲጠይቁኝ የምነግራቸው የእሱን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ መሳሳቡን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ጾም ሲገባ ፕሮግራሙ እንደገና ይቀየራል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ዝም ብሎ በግድ የሚገፋ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትንሹን ብቻ እሠራለሁ። ሰዓቱም ከማዕድ አንድ ሰዓት በፊት ነው፣ ቶሎ ውሃና ምግብ እንዳገኝ። ቅዳሜና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚበላ ትልቁን ወደዚያ አዞረዋለሁ። ቀዳም ስዑር ብቻ ትለያለች፣ እሷ ትጾማለች። የዚያን ቀን እርምጃው ይሰረዛል፣ ለፋሲካ የሚሠራው የቤት ሥራ በቂ ነው።