አሮጌ ሃርድቶፕ ይዞ ገጠር ለመውጣት፣ ከስኖርክሉ በፊት ሞዞው ይከፈት

አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚያስበው ስኖርክል (ከጣራ ከፍታ አየር ሚስብ ቱቦ)፣ ዊንች (መጎተቻ ማሽን)፣ ፓውዛ መብራት ምናምን ነው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። በገዛሁ በሁለተኛው ወር ስኖርክል አስገጠምኩ፣ ፖርቶመጋላ አሰራሁ፣ ቸርኬው ሁላ ጥቁር ተቀባ፣ ከዛ ከቱርሚ ወደ ኦሞራቴ ስንሄድ የፊት ግራ ጎማ ማልቀስ ጀመረ። ወርጄ ሞዞውን (የጎማውን መሃል እምብርት) ስነካው እጄን ጠበሰኝ። ውስጡ ጎማውን ሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቆለታል፣ ግራሶው ከስንት አመት በፊት እንደገባ እንጃ፣ ተቃጥሎ ጥቁር አቧራ ሆኗል። ኩሽኔታ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ጂንካ እስኪደርስ፣ ከዛም እኛ ጋ እስኪመጣ ሁለት ቀን ቱርሚ ተቀመጥን፣ ያ ሁሉ ብር የወጣበት ስኖርክል የልብስ ማስጫ ሆኖ አገለገለ።

ስለዚ ቅደም ተከተሉን ከኔ ስህተት ውሰዱት። እዚህ ምጽፈው 1ኤችዜድ ሞተር ስላለው ሃርድቶፕ ነው፣ ማለትም 75 ሚባለው ሞዴል (እንደ ፈረንጅ ከ1990 እስከ 1999 የተሰራው) እና ከ1999 ወዲህ ያለው 78። 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተር ሚያስገባ) የለ ኮምፒውተር የለ፣ የናፍጣ ፖምፓውም ሙሉ በሙሉ መካኒካል ስለሆነ የትኛውም የወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ ያውቀዋል። 75 ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል) ነው፣ 78 ፊቱ ሞላ (ጥምዝ ብረት) ኋላው ባሌስትራ፣ ደሞ 75 ጎማው 6 ብሎን 78 ግን 5 ነው፣ ቸርኬ ስትገዙ ይሄን ሳያዩ ተሸክሞ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ከጥር 2016 ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ከተባለ በኋላማ ያለውን አሮጌ አክሞ መንዳት ምርጫ መሆኑ ቀርቷል።

እሺ ከፊት እግር እንጀምር። መኪናውን በክሪክ አንሱና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት፣ ከተንቀጫቀጨ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና እንደገና ወዝውዙ። ፍሬን ሲረገጥ እንቅስቃሴው ከጠፋ የጎማ ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ መሪ ስታዞሩ ጎማው ሚታጠፍበት ላይኛውና ታችኛው ኩሽኔታ ነው። ቀጥሎ ከጎማው ጀርባ ያለውን ክብ ኳስ መሳይ ብረት በጨርቅ ጥረጉት። ስስ ግራሶ ቢኖረው ችግር የለውም፣ ቀጭን ዘይት እየወረደ ጎማውን ካራሰ ግን የውስጡ ፓራሎዮ (ዘይት እንዳይወጣ ሚይዘው ላስቲክ) ሄዷል ማለት ነው፣ የዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ ሚያካፍለው) ዘይት ወደ ኳሱ ገብቶ ግራሶውን እያጠበው ነው። ሳትፈቱ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከላይ በኩል አራት ማዕዘን ጭንቅላት ያለው ቡሽ አለ፣ እሱን ፈታችሁ ሽቦ ክተቱ፣ ሚወጣው እንደ ቅቤ ከሆነ ጥሩ፣ እንደ ቀጠነ ሽሮ ከሆነ መፈታቱ አይቀርም። ከተፈታ አይቀር ሁለቱንም ጎን አንዴ ጨርሱ፣ አንዱን ጎን ብቻ ማሰራት ያው ከወር በኋላ መመለስ ነው።

ስታሰሩ ደሞ ቁሙና እዩ። ኩሽኔታውን ያሰረው ትልቁ ዳዶ በ54 ቡሶላ (ባለ 54 ሚሊሜትር ክብ መፍቻ) ነው ሚፈታው፣ ብዙ ጋራዥ ግን ቡሶላው ስለሌለ በመሮና በመዶሻ ይቀጠቅጡታል፣ የኔ ሲከፈት ዳዶው ዙሪያውን አይጥ የበላው ዳቦ መስሎ ነበር። በመዶሻ የታሰረ ነገር ልኩ አይታወቅም፣ ከላላ ይወዘወዛል ከጠበቀ ይቃጠላል። አስራችሁ ስትጨርሱ ጎማው በእጅ ሲዞር ትንሽ ከበድ ብሎ ግን ሳይቆረቁር መዞር አለበት፣ መቆለፊያዋ ቀለበት ጥርሷ ዳዶው ላይ መታጠፉን በአይናችሁ እዩ። ቡሶላውን ገዝታችሁ መኪና ውስጥ አስቀምጡት፣ ከዊንች መቶ እጅ ይረክሳል።

ሞተሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ብትሰሙኝ የታይሚንግ ቺንጋውን (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አስማምቶ ሚያዞረውን ቀበቶ) ስሙኝ። 1ኤችዜድ ካቴና (ሰንሰለት) የለውም፣ ቺንጋ ነው፣ በየ100 ሺህ ኪሎሜትር ይቀየራል፣ ከተበጠሰ ባልቦላዎቹ (የአየርና የጭስ በሮቹ) ፒስተን ላይ ነው ሚያርፉት። ዳሽቦርዱ ላይ 100 ሺህ ሲሞላ ሚበራ መብራት አለ ግን እዚህ ሀገር ስንቱ ኪሎሜትር ቆሞ እንደነበር ስንቱ ወደኋላ እንደተመለሰ ማን ያውቃል፣ ስለዚ የመቼ እንደሆነ ወረቀት ካልሰጧችሁ አልተቀየረም ብላችሁ ቀይሩ። አብሮ ወጣሪዋ ትቀየር።

ሙቀት ላይ ደሞ የኛ መካኒኮች አንድ ክፉ ልማድ አለባቸው፣ መኪና ሞቀ ስትላቸው ቴርሞስታቱን (በሙቀት ሚከፈተውን የውሃ በር) አውጥተው ይጥሉታል። እዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ወደ ሞተሩ ሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፣ ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ውሃው ግማሹ ራዲያተር ሳይደርስ ይዞራል፣ ማለትም ለማቀዝቀዝ ብለህ ያረከው ነገር አቀበት ላይ ያሞቅሃል። ያላችሁን መኪና ከፍታችሁ እዩ፣ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት አይግረማችሁ። ራዲያተሩን ከመቀየራችሁ በፊት ደሞ ክንፎቹ መሃል የተጠቀጠቀውን ጭድና ጭቃ ከሞተር በኩል ወደ ፊት በቀስታ ውሃ አስወጡት። የቧንቧ ውሃ ብቻ ሞልታችሁ አትሂዱ፣ ኩላንት ጨምሩበት፣ ዝገቱ ነው ራዲያተሩን ሚደፍነው።

ተርቦ ልግጠምበት ሚል ሰው አይጠፋም። ባሌ ሳኔቲ ላይ ከ4000 ሜትር በላይ ስትወጡ ሞተሩ አየር አጥቶ ሲንፏቀቅ ተርቦ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ይሄ ሞተር ለተርቦ የተሰራ አይደለም፣ ናፍጣ ከተጨመረበት ሙቀቱ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክዳን) ይሰነጥቀዋል፣ ፒስተንም ይበላል። እኔ ማርሽ ቀንሼ ቀስ ብዬ መውጣት መርጫለሁ፣ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ላይ ቆሞ ቴስታታ ከሚፈርስብኝ። ሞተር ለመቀየር ምታስቡ ካላችሁም ቁጥሩ ሊብሬ ላይ መስተካከል አለበት፣ አለበለዚያ ለቦሎ ስትሄዱ ጣጣ ነው።

አሁን ስኖርክሉ ጋ ስንደርስ፣ ክፉ ነገር አይደለም፣ አፋር አቧራ ውስጥ ከፊት መኪና ተከትላችሁ ስትሄዱ ከፍ ካለ ቦታ አየር መሳቡ ይጠቅማል። ግን አብዛኛው ለፎቶ ነው የተገጠመው። ሞተሩ ተነስቶ እያለ አፉን በእጃችሁ ግጥም አርጋችሁ ድፈኑት፣ በትክክል ከተገጠመ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። እየሰራ ከቀጠለ የሆነ ቦታ ከታች አየር እየሳበ ነው፣ ወንዝ ውስጥ ደሞ በዛው ቀዳዳ ውሃ ይስባል። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ፈታችሁ ጣታችሁን ውስጡ አሹት፣ አቧራ ከያዘ ሞተሩ አሸዋ እየበላ ነው። የአየር ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ሲጸዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው ሚነፋው፣ ላቫጆ ቤት አብዛኛው በተቃራኒው ነው ሚያረጉት።

ወንዝ ካነሳን፣ በጣም ርካሹ ማሻሻያ የዲፈረንሻል መተንፈሻ ነው። ዲፈረንሻሉ ከመንገድ ግሎ ይመጣና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ መተንፈሻው ከተደፈነ በፓራሎዮ በኩል ውሃ ይስባል፣ ከውሃው በታች ከሆነም በራሱ በመተንፈሻው ውሃ ይገባል። ጥቂት ሜትር የናፍጣ ጎማ ቱቦ ገዝታችሁ የፊቱንም የኋላውንም የካምቢዮውንም እስከ ኮፈን ስር ከፍ አርጉት፣ የግማሽ ቀን ስራ ነው። ከወንዝ በኋላ ጠዋት ላይ፣ መኪናው ሳይነሳ፣ የዲፈረንሻሉን የታችኛውን ብሎን ትንሽ ላላ አርጉና ሚንጠባጠበውን እዩ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ዘይቱ ይቀየር። ሚገባው ጂኤል-5 ሚል የተጻፈበት ዘይት ነው። ክሮቼራዎቹም (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያዎች) በዛው አጋጣሚ ግራሶ ይጠጡ።

ናፍጣ ላይ ብዙ አልልም፣ ከበርሜል ምትቀዱ ከሆነ በጨርቅ አጣርታችሁ ቅዱ፣ ሁለት መለዋወጫ ፊልትሮ ያዙ፣ ከፊልትሮው ስር ያለችውን ውሃ ማውጫ በየጊዜው ክፈቷት። 78 ሁለት ባለ 90 ሊትር ሰልባቲዮ (የነዳጅ ታንከር) ስላለው ጄሪካን ጣራ ላይ መደርደር ብዙም አያስፈልግም። ጣራ ላይ ክብደት ባበዛችሁ ቁጥር ጋደል ባለ መንገድ ላይ ልባችሁ አፋችሁ ውስጥ ነው ሚሆነው።

ጎማ። ዋናውን ገንዘብ እዚህ አፍስሱት። የድሮው 7.50-16 ባለ ካላማዳሪያ (የውስጥ ጎማ) ነው፣ ጥቅሙ የትኛውም ገጠር ያለ ጎሚስታ በሁለት ሌቫ ይከፍተዋል፣ ባለ ቀለበት ቸርኬ ከሆነ ግን ሲነፋ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል፣ በሰንሰለት ሳይታሰር አጠገቡ አትቁሙ። እኔ ወደ 235/85 አር 16 ቱብሌስ (ካላማዳሪያ የሌለው) ቀየርኩ፣ ቁመቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ኪሎሜትሩንም ብዙ አያዛባም። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ፣ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፣ 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ እንደ ፈረንጅ። ጥርሱ ሙሉ የሆነ የአስር አመት ጎማ ዳሎል መንገድ ላይ እንደ እንጀራ ይላጣል። አሸዋ ላይ አየር ወደ 18 ፒኤስአይ አውርዱ፣ ፒስታ (የጠጠር መንገድ) ላይ 28 አካባቢ፣ አስፋልት ስትደርሱ መልሱት፣ ለዛ ትንሽ ኮምፕሬሰር ግድ ነው። ካላማዳሪያ ካለው ግን በጣም አታውርዱ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካላማዳሪያውን አፍ ይቆርጠዋል።

ባሌስትራ ላይ የኛ ሰው መፍትሄው አንድ ቅጠል መጨመር ነው። መኪናው ከፍ ይላል፣ ባዶውን ሲሄድ ግን እንደ አህያ ይረግጣል። መጀመሪያ ጎሚኒዎቹን (የማያያዣ ላስቲኮቹን) ቀይሩ፣ የተሰበረ ቅጠል ካለ ተኩ፣ አሞርዛተር (ንዝረት መምጠጫ) ጥሩ ግዙ። ከፍታ 5 ሴንቲሜትር ይበቃል፣ ከዛ በላይ ከሆነ የትራንስሚሽኑ (ከካምቢዮ ዲፈረንሻል ሚደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ይበላሻል፣ የፍሬን ቱቦም ያጥራል። ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስትገዙ ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል፣ ቢያንስ ለኩሽኔታና ለፓራሎዮ ኮፒ አትንኩ።

ደቡብ ኦሞ ዝናብ ጥሏችሁ ዋልካ ላይ ከተያዛችሁ ነዳጅ መርገጥ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ቁሙ፣ አየር ቀንሱ፣ አካፋ አውጡ፣ ካልሆነ ቡና አፍሉና ጸሃይ ጠብቁ። በመጎተቻ ገመድ ስትሳቡ ሻሲው ላይ ያለ መንጠቆ ላይ እንጂ የተሳቢ ኳስ ላይ አትሰሩ፣ ከተበጠሰ እንደ ጥይት ነው ሚመጣው።

ከዳሎልና ከአፍዴራ ስትመለሱ በዛው ቀን ላቫጆ፣ ከስር በደንብ፣ ጨው የፍሬን ቧንቧ ሲበላ ድምጽ የለውም። ፎርዊሉን (አራቱንም ጎማ ሚያነዳውን) በወር አንዴ ሎክ አርጋችሁ ፒስታ ላይ ትንሽ ንዱት፣ አስፋልት ላይ ግን አይሆንም።

እኔ አሁን ለናፍጣም ለቡናም በቆምኩ ቁጥር አራቱንም ሞዞ ዞሬ በእጄ እነካለሁ፣ አብረውኝ ሚሄዱት መኪናውን ይባርካል እያሉ ይስቁብኛል። አራቱም ለብ ካሉ እንሄዳለን። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ሚቀጥለው ከተማ እስክንደርስ አልልም፣ እዛው ክሪኩን አወጣለሁ።