የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢን እፎይ የሚያሰኝ ትዕይንት እንዴት ይጻፋል?

የፍቅር ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ፍቅረኞቹ መጨረሻ ላይ እንደሚገናኙ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይገምታል፤ ቢሆንም መጽሐፉን አይጥልም። ገጽ በገጽ ሲጠራቀምበት የቆየው ስጋት፣ ናፍቆትና ቁጭት አንድ ቦታ ላይ እንዲወጣለት ይፈልጋልና። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ፣ በፍርሃትና በርኅራኄ በኩል የሚገኘውን የስሜት መንጻት ካታርሲስ ብሎታል። ሐሳቡ የተነገረው ስለ መከራ ተውኔት ቢሆንም፣ ለፍቅር ጸሐፊም በእጅጉ ይጠቅማል፤ የተጠራቀመ ስሜት ከሌለ የሚወጣ ስሜት አይኖርምና።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው አንባቢው ከልቡ የሚያምነውን እንቅፋት ከመምረጥ ነው። በኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ዘሐራ የምትባል ባለታሪክና ሰይድ የሚባል የደሴ ልብስ ሰፊ ፈጠሩ እንበል። ሰይድ ሽማግሌ እልካለሁ ባለበት እሑድ ሳይልክ ይቀራል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነና ሚኒባሱም በመሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል፣ መንገዱ ርቆት ነው የሚል ሰበብ ማንንም አያሳምንም። ይህ ቅርበት ለጸሐፊው ትልቅ ሀብት ነው፤ የአንባቢ ልብ የሚሰቀለው መምጣት የሚችል ሰው ሲቀር ነው። ሰይድ የቀረው የታመመ ወንድሙን ለማሳከም የስፌት መኪናውን ሸጦ፣ ባዶ ሱቅ ይዞ የሰው ልጅ ለጋብቻ መጠየቅ አሳፍሮት ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት፣ ሁለቱም እውነት ያላቸው ሰዎች ሳያስቡት ሲጎዳዱ ማየት ከተንኮለኛ ዘመድም ሆነ ከድንገተኛ አደጋ ይበልጥ አንጀት ይበላል። የወንድሙ ሕመም ግን ገና ቀደም ብሎ፣ በወሬ መሐል በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቀስ አለበት፤ አለዚያ ምክንያቱ በመጨረሻ የተለጠፈ ይመስላል።

ቀጥሎ የሚመጣውና ከሁሉም የሚከብደው እንባን ማቆየት ነው። ዘሐራ በ3ኛው ምዕራፍ አልቅሳ፣ በ5ኛውም ከደገመች፣ ለአንባቢው የሚቀር እንባ የለም፤ እሷው አልቅሳ ጨርሳለታለችና። ይልቅስ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ሥራ ትግባ። እናቷ ሲጠይቋት «ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማዬ» ብላ ትመልስ። ለእንግዶቹ የተገዛው ቡና ሳይቆላ፣ እንደተቋጠረ ጓዳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከሁለት ምዕራፍ በኋላም አንባቢው ያንኑ ቋጠሮ በቦታው ያግኘው። የአምባሰልንና የባቲን ዜማ እየሰማ ያደገ የወሎ አንባቢ፣ ናፍቆት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ያውቃልና ሊታመን ይገባዋል።

የእፎይታው ትዕይንት ሲደርስ ቀስ ይበሉ። ዘሐራ ለኮምቦልቻ ሙቀት የሚበቃ ነጠላ ለብሳ ደሴ ትደርሳለች፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰኞ ገበያ የሚባለውን ሰፈር ሸፍኖታል፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋታል። ለወቀሳ ያዘጋጀችውን ቃል ሁሉ ልትዘረግፍ የሱቁን በር ስትገፋ፣ የስፌት መኪናው በነበረበት ቦታ የአራት እግሮች ምልክት ሲሚንቶው ላይ ቀርቶ ታያለች። የመለኪያው ሜትር ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ወንበሩም ምንም ወደሌለበት ዞሮ ቆሟል።

እዚህ ላይ «በጣም አዘነች» ብሎ መጻፍ ትዕይንቱን ይገድለዋል፤ አንባቢው ምልክቱን አይቶ ራሱ የሚደርስበትን ስሜት ይቀማዋል። ከዚያ ይልቅ ጥቂት ቃል ይበቃል።

«ለወንድምህ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለእኔ መንገር እንዴት አቃተህ?»

ዘሐራ እውነቱን ማወቋ ግን ብቻውን እፎይታ አያመጣም። አንደኛው ወገን ዋጋ የሚያስከፍል ውሳኔ መወሰን አለበት። ሰይድ ኀፍረቱን ውጦ፣ አባቷ ምን እንደሚሉ ሳያውቅ፣ ገንዘብ እስኪያገኝም ሳይጠብቅ በመጪው እሑድ ሽማግሌ ለመላክ ይቁረጥ። አንባቢው ሳግ የሚተናነቀው በይቅርታው ቃል ብዛት ሳይሆን፣ ሰይድ የፈራውን ነገር እየፈራ ሲያደርገው በማየቱ ነው። ዘሐራም ማልቀስ ካለባት አሁን ታልቅስ፤ እስካሁን የቆየው እንባ ለዚህ ሰዓት ነበር።

ብዙ ረቂቆች የሚበላሹት ከዚህ በኋላ ነው። ጸሐፊው ልክ እንባው እንደመጣ ምዕራፉን ይዘጋል፣ ወይም ሌላ ጠብ ያስነሳል። አንባቢ ግን ሆዱ እስኪረጋጋ ጊዜ ይሻል። ሰይድ ከጎረቤት ሻይ ያምጣ፤ ዘሐራ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ትሙቅ፤ ስለ ወንድሙ ጤና ትጠይቀው፤ ስለ ፍቅራቸው አንድም ቃል ባይነሳ ይመረጣል። ለዚህ አንድ ገጽ መስጠት አይበዛም። ታሪኩ በመለያየት የሚያልቅ ከሆነም ያው ነው፤ እንዲያውም የእርጋታው ክፍል ያኔ የበለጠ ያስፈልጋል።

ረቂቁ ሲያልቅ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ጀምረው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለት፤ በመሐል ምንም አያብራሩ። የአራቱ እግሮች ምልክት ላይ ሲደርሱ ዝም ካለ፣ ትዕይንቱን አይንኩት። «ምንድን ነው ምልክቱ?» ብሎ ከጠየቀ ግን የሚስተካከለው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ተመልሰው ሰይድን ያንን መኪና ዘይት ሲቀባ፣ ሲወለውልና ማታ ማታ በጨርቅ ሲሸፍን ያሳዩት።