በዓለም አቀፍ የሪፍሌክሶሎጂ ጉባኤ ተሳታፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከተለያዩ አገሮች የመጡ የሪፍሌክሶሎጂ ባለሙያዎች፣ ማለትም በተለይ በእግር ላይ ያሉ ነጥቦች ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች ጋር ይገናኛሉ በሚል እምነት እነዚያን ነጥቦች በእጃቸው የሚጫኑ ሰዎች፣ በአንድ አዳራሽ ሲሰባሰቡ፣ በየሥራ ቦታቸው ለብቻቸው ሆነው የማያገኙትን ዕድል ያገኛሉ፤ ይኸውም የእጃቸውን ሥራም ሆነ ስለ ሙያቸው ያላቸውን እምነት በባልደረቦቻቸው ፊት ማስፈተሽ ነው። ይህን ዕድል የሚያባክኑ ስህተቶች ብዙ ባይሆኑም ተደጋጋሚ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ መወገድ ያለበት፣ የትኛው ነጥብ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚወክል የሚያሳየውን፣ የተማሩበትን ካርታ ብቸኛው ትክክለኛ ካርታ አድርጎ ማቅረብ ነው። የሙያው ታሪክ ራሱ ይህን አይደግፍም። አሜሪካዊው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዊልያም ፊትዝጄራልድ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር ጣት በ10 ቁመታዊ ቀጠናዎች ሲከፍል ትኩረቱ እግር ላይ ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ በስፋት ለሚሠራበት የእግር ካርታ መሠረት የጣለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሠራችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዩኒስ ኢንግሃም ናት። ከእሷ በኋላ ካርታውም አሠራሩም በየአገሩ ተለዋውጧል። በእሷ መስመር የሠለጠኑት የእጅ አውራ ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ ውስጥ እግርን በዝግታ ሲዳስሱ፣ ስዊዘርላንዳዊው ሚስዮናዊ አባ ዮሴፍ ኦይግስተር በታይዋን ያስፋፉት አሠራር ግን በጣት አንጓ ጠበቅ አድርጎ መጫንን ይመርጣል። ስለዚህ ሁለት ባለሙያዎች የአንድን የሰውነት ክፍል ነጥብ በተለያየ ቦታ ሲያመለክቱ ያየ ተሳታፊ፣ ማን ተሳሳተ ብሎ ከመከራከሩ በፊት እያንዳንዳቸው ነጥቡን እዚያ ያደረጉት በምን ማስረጃ እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻላል። መልሱ «መምህሬ እንዲህ አስተምሮኛል» ከሚል የማያልፍ ከሆነም፣ ይህ በግልጽ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ሁለተኛው ስህተት የአንድ ደንበኛን መዳን የአሠራሩ ማረጋገጫ አድርጎ ከመድረክ ማቅረብ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ሙያውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። የራስ ምታቱ የተሻለው ሰው ምናልባት ዕረፍት አግኝቶ፣ ምናልባት መድኃኒት ጀምሮ፣ ምናልባትም ሕመሙ በራሱ ጊዜ ለቆት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ በጥሞና የሚያዳምጠውና እግሩን የሚያሸለት ሰው ማግኘቱም ብቻውን ያረጋጋዋል። እነዚህን ለይቶ ለማወቅ የማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ግምገማ፣ ተሳታፊዎች በዕጣ የተመደቡባቸውን 18 ጥናቶች መርምሮ፣ ሪፍሌክሶሎጂ ለየትኛውም ሕመም ፍቱን ሕክምና መሆኑን አሳማኝ በሆነ መንገድ የሚያሳይ ማስረጃ አለመገኘቱን ደምድሟል። ይህን ግምገማ ሳያነሱ ማለፍ፣ ወይም በሙያው ጠላቶች የተጻፈ ነው ብሎ መተው፣ ጉባኤውን ራሱን ከማታለል አያድነውም። ደንበኞች ከክፍለ ጊዜው በኋላ ዘና ማለታቸውንና ጥሩ እንቅልፍ ማግኘታቸውን የሚናገር ባለሙያ ያየውን ይናገራል፤ ኩላሊት አክማለሁ ወይም በእግር ላይ ባገኘሁት ሕመም በሽታ እለያለሁ የሚል ግን ማንም ያላረጋገጠውን ይናገራል፤ ሰሚው ሐኪም ዘንድ መሄዱን እንዲያዘገይም ሊያደርገው ይችላል።

በተግባር ሥልጠናዎች ላይ የሚፈጸመው ስህተት ደግሞ የሰውን አካል ሊጎዳ የሚችል ነው። በየሥራ ቦታቸው ማንንም ደንበኛ ስለ ጤናው ሳይጠይቁ የማይነኩ ባለሙያዎች፣ እዚህ ግን አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው የሙያ ባልደረባ ስለሆነ ብቻ ምንም ሳይጠይቁ እግሩን ይዘው መለማመድ ይጀምራሉ። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ አድርገው የመጡ መሆናቸው መረሳት የለበትም፤ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ጥልቅ የደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ እንደሚችል የታወቀ ነው። አንደኛው ባት ከሌላው ይልቅ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነኩት የሚያም ከሆነ፣ ያ እግር መታሸት የለበትም፤ ባለቤቱም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። የስኳር ሕመም የእግሩን ስሜት ያደነዘዘው ሰው ሲበዛበት «በቃ» ብሎ ሊያስቆም አይችልም፤ ነፍሰ ጡር፣ ቁስል ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። በተጨማሪም አንድ እግር በአንድ ቀን በስንት ሰው እንደተጫነ አሠልጣኙ ሊከታተል ይገባል፤ ሠልጣኙ ተራውን ለማድረስ ሲል ሕመሙን ችሎ ዝም ይላልና።

በሁለት ሰዓት ሥልጠና ያዩትን አዲስ አሠራር እንደተመለሱ በደንበኞች ላይ መሞከር፣ እንዲሁም የተሳትፎ ምስክር ወረቀትን እንደ ሙያ ፈቃድ ግድግዳ ላይ መስቀል ሌሎች ስህተቶች ናቸው። ሙያውን የሚመለከተው ደንብ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ በአንዱ አገር የተፈቀደው በሌላው ሊከለከል ይችላል። የደንበኛን ፎቶግራፍ ወይም የሕመም ታሪክ ያለ ፈቃዱ ማሳየትም፣ ስሙ ባይጠራ እንኳ፣ አደራ መብላት ነው። ንግግር የሚያቀርቡ ሰዎች ጽሑፋቸውን አስቀድመው ለአስተርጓሚዎች መስጠት አለባቸው፤ ካልሰጡ ከአዳራሹ ከፊሉ ምንም ሳይገባው ይወጣል።

አዘጋጆቹ የሚሠሩት ስህተት መርሐ ግብሩን በስኬት ዘገባ ብቻ መሙላት ነው። ሐኪሞችና ነርሶች ለመክፈቻው ንግግር ተጋብዘው፣ ውይይቱ ሲጀመር ወንበራቸው ባዶ ከሆነ፣ የባለሙያው አነጋገር የቱ ላይ ከሕክምና እውቀት ጋር እንደሚጋጭ የሚያመለክት ሰው አይኖርም። ስለዚህ ለውጥ ያላመጡ ክፍለ ጊዜያት፣ ያልተጠበቀ ሕመም ያስከተሉ አጋጣሚዎችና ደንበኛው ወደ ሐኪም የተላከባቸው ሁኔታዎች የሚቀርቡበት ራሱን የቻለ ሰዓት ሊመደብ ይገባል፤ ያም ሰዓት ተሳታፊው ሻንጣውን በሚያዘጋጅበት በመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ሳይሆን፣ አዳራሹ በሚሞላበት በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሊሆን ይገባል።