የእሽቅድምድም ፈረስ ትንፋሽ ሲያጥረው፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ፈረስ በአፉ አይተነፍስም። አየር የሚገባውም የሚወጣውም በአፍንጫው ብቻ ነው። በሽምጥ ሲጋልብ ትንፋሹ ከእርምጃው ጋር አንድ ለአንድ ስለሚሄድ በደቂቃ ከ120 ጊዜ በላይ ይተነፍሳል፤ በመንገዱ ላይ ትንሽ ጥበት ካለ ወዲያው ይታወቅበታል። መርጃ ከመግዛታችሁ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ለዩ። ለአፍንጫ የተሠራ ፕላስተር የጉሮሮን በሽታ አያድንም።

ከሩጫ በኋላ ደም፣ ወይም መጨረሻው ላይ ጉልበት መክዳት

በከባድ ሩጫ ጊዜ በሳንባ ደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት እጅግ ይጨምራል። ፈረሱ አየር ለመሳብ ሲታገል ደግሞ በአየር ከረጢቶቹ በኩል ያለው ግፊት ይወርዳል። በመካከላቸው ያለው ስስ ግድግዳ ይቀደድና ደም ይፈሳል። በአፍንጫቸው ደም የሚታይባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚደሙት ውስጥ ውስጡን ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከሩጫው በኋላ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ በኢንዶስኮፕ (በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ይመልከተው፤ የመድማቱ ደረጃ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። ፈረሱ ጋጣው ውስጥ ቆሞ ሳለ ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ደም ከወረደው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሊገድለው ስለሚችል ሐኪም በአስቸኳይ ጥሩ።

የአፍንጫ ፕላስተር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ያሉት ስፕሪንጎች አጥንት የማይደግፈው የአፍንጫ ክፍል ወደ ውስጥ እንዳይጣበቅ ይይዙታል። ፈረሱ ሳያልበው ቆዳውን በአልኮል ጠርጉና አድርቁ፤ ከዚያ የፕላስተሩን የታችኛውን ጠርዝ ከአፍንጫ ቀዳዳዎቹ በላይ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ አድርጋችሁ በመዳፍ ጫኑት። ቆዳው ላብ፣ ዘይት ወይም የዝንብ መከላከያ ካለበት ይላቀቃል። ወደ ላይ አጥንቱ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ቢይዝም ጥቅም የለውም። ደንቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 ካሊፎርኒያ ክሮም የተባለው ፈረስ ኬንታኪ ደርቢንና ፕሪክነስን፣ ሁለቱን ታላላቅ የአሜሪካ ውድድሮች፣ በፕላስተር አሸንፎ ኒው ዮርክ ውስጥ ለሚካሄደው ለሦስተኛው ውድድር ለቤልሞንት ሲመጣ፣ እንደለጠፈ እንዲሮጥ የኒው ዮርክ ዳኞች መፍቀድ ነበረባቸው።

ፉሮሰማይድ (ላዚክስ) ሽንት በማብዛት የደም ግፊቱን ይቀንሳል። በአሜሪካ በሚፈቀድባቸው ውድድሮች ሐኪም ከውድድሩ 4 ሰዓት በፊት በደም ሥር ይሰጠዋል፤ በእንግሊዝና በዱባይ በውድድር ቀን አይፈቀድም። የወሰደ ፈረስ ብዙ ውሃና ጨው ስለሚያጣ፣ ከሩጫው በኋላ ሁለቱንም መልሱለት። ክፉኛ የደማ ፈረስ ግን ከሁሉ በፊት እረፍት ይፈልጋል።

አየር ሲያስወጣ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ፣ ከዚያ ድንገት መቆም

ለስላሳው ላንቃ ከቦታው ወጥቶ የአየር መንገዱን ዘግቶበታል። ሲውጥ ይመለስለታል፤ ውድድሩ ግን አልፎታል። ገና ያልጠነከረ ወጣት ፈረስ ከሆነ መጀመሪያ ልምምዱን አጠናክሩ፣ የጉሮሮ ቁስለት ካለም አስታክሙት። የምላስ ማሰሪያ የሚባለው ሰፋ ያለ ለስላሳ ጨርቅ ነው፦ ምላሱ ላይ አዙሩትና ጥርስ በሌለበት ክፍተት በኩል ከታችኛው መንጋጋ ጋር እሰሩት። ከውድድሩ ጥቂት ቀደም ብላችሁ አስራችሁ እንዳለቀ ፍቱት። ምላሱ ከጠቆረ ወይም ከቀዘቀዘ ማሰሪያው ከልክ በላይ ጠብቋል። ምልክቱ ከተደጋገመ ማንቁርቱን ወደ ፊት የሚያስጠጋ ቀዶ ሕክምና አለ።

አየር ሲስብ ፉጨት ወይም ግሳት

አብዛኛውን ጊዜ የግራው የማንቁርት ነርቭ ደክሟል፤ በትልልቅ ፈረሶች ይበዛል። ፕላስተርም ማሰሪያም አይፈይድም፤ መፍትሄው ቀዶ ሕክምና ነው።

ሳል፣ ንፍጥ፣ ከልምምድ በኋላ ቶሎ አለመረጋጋት

አቧራና ሻጋታ ነው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ። ድርቆሹን 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ከመሬት ላይ አብሉት፤ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ አክታው ይወርድለታል። የተነጠፈለትን ጭድ አቧራ በሌለው የእንጨት ፍቅፋቂ ተኩ፣ ጋጣውንም ፈረሱ ውጭ ሳለ ጥረጉ። በመኪና ስታጓጉዙት ራሱን ከፍ አድርጋችሁ አትሰሩት፤ ጀርም ሳንባው ውስጥ ይከማቻል። ከደረሰ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ለኩ፤ ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም ጥሩ።