ኩላሊቱ ለደከመ ሽማግሌ ውሻ ምን እናብላው?

መጀመሪያ አጥንቱን አቁሙ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ አጥንቱ ግን ዛሬውኑ ይቁም።

ይህን ያስተማረን መቻል የሚባለው ውሻችን ነው። 13 ዓመቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ያረጀ ተራ የሀገራችን ውሻ። ባለፈው ክረምት ውኃ መጠጣት አበዛ። ጠዋት የሞላንለት ጣሳ ምሳ ሳይቀርብ ባዶ ይሆናል። ሌሊት በረንዳው ላይ ሸንቶ ያድራል፣ ቡችላ ሆኖ እንኳ ያላደረገውን። እማዬ «አርጅቶ ነው፣ ሽንቱን መቋጠር አቅቶት» አለች። እኛም ብልጥ ነን ብለን ማታ ማታ ጣሳውን ማንሳት ጀመርን።

እንዲህ የምታደርጉ ካላችሁ ተዉት። የደከመ ኩላሊት ውኃን ለሰውነት ማስቀረት ስለማይችል ቀጭን ሽንት በብዛት ያወጣል፣ ውሻው የሚጠጣው የወጣውን ለመተካት ነው። ውኃ ስትከለክሉት ሽንቱ አይቆምም፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ኩላሊቱም ይብስበታል። አሁን መቻል ሁለት ጣሳ አለው፣ አንዱ ደጅ አንዱ በረንዳ። በረንዳው ይታጠባል፣ ምን ችግር አለው።

የሚጠጣውን ለመለካት ሃይላንድ ይበቃል። ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ ነገር አለ ማለት ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ባለ አንድ ሊትሩን ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ሞልታችሁ ካልበቃው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ደሙ ላይ ክሬቲኒንና ዩሪያ (ኩላሊት ማስወጣት ሲያቅተው ደም ውስጥ የሚጠራቀሙ ቆሻሻዎች ናቸው)፣ ፎስፈረስ የሚባለው ማዕድንም ይታይለት፣ ሽንቱም ይመርመር። ብዙ መጠጣቱ በዓይን በሚታይበት ጊዜ ከኩላሊቱ አቅም ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሄዷል። የሄደው አይመለስም። በምግብ የምንጠብቀው የቀረውን ነው።

አሁን ወደ አጥንቱ። አጥንት በፎስፈረስ የተሞላ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል፣ የታመመው ግን አይችልም፣ ስለዚህ ደም ውስጥ ይጠራቀምና የቀረውን ኩላሊት ይጎዳል። እኛ ይህን ከሐኪሙ ሰምተን ለፋሲካ ረሳነው። ጎረቤት የበግ አጥንት በፌስታል ሞልቶ አመጣለት፣ «ጾሙን አብሮን ጾሟል፣ እሱም ይፈስክ» ብሎ። መቻል ሁለት ቀን ሙሉ አስመለሰው። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት ሁሉ ተነግሯል።

ከአጥንት ቀጥሎ ጉበትና ኩላሊት፣ ወተትና አይብ፣ የእንቁላል አስኳል ይቅሩ። ሁሉም ፎስፈረሳቸው ከፍ ያለ ነው። የእንቁላሉ ነገር እኔን ራሴን ገርሞኛል። የአንድ እንቁላል አስኳል ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ፎስፈረስ ሲኖረው ነጩ 5 ያህል ብቻ ነው ያለው። ነጩ ደግሞ ምርጥ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ነጩ ለመቻል፣ አስኳሉ ለእኔ።

የቤት ትርፍራፊ ሌላው ጣጣ ነው። ሽሮም ይሁን ወጥ ጨው አለው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ኩላሊቱ የታመመ ውሻ ደግሞ ድሮውንም ደሙ ያንሳል። ንጥር ቅቤም ሲነጠር ሽንኩርት ስለሚገባበት አይሆንም። እንጀራው ራሱ መርዝ አይደለም፣ ግን ጤፍ ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ ከነጭ ሩዝ ይልቅ ብዙ ፎስፈረስ ይዟል። ቁራሽ ቢያገኝ አትደንግጡ፣ ዋና ምግቡ ግን አይሁን።

«ታዲያ ሥጋ ጭራሽ ይቅር?» ይሉኛል። አይቅር። ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ ከከለከላችሁት የራሱን ጡንቻ ይበላል፣ ሽማግሌ ውሻ ደግሞ ከጡንቻው የሚተርፈው የለውም። መጠኑ ይቀነስ፣ ጥራቱ ይጠበቅ።

እኛ ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው፣ 20 ኪሎ ለሚጠጋ ውሻ የአንድ ቀን። 140 ግራም ገደማ ጥሬ ነጭ ሩዝ፤ ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን የፎገራ ሩዝ ነው የምንጠቀመው፣ ነጣ ያለውን መርጠን። ያለ ጨው በደንብ ይቀቀላል፣ ለውሻ የላላ ሩዝ ነው የሚስማማው። ሥጋው ለብቻው ነው። ትንሽ ስብ ያለው ሥጋ አነስ አነስ አድርጋችሁ ክተፉት፣ በብዙ ውኃ ቀቅሉትና መረቁን ድፉት። አዎ፣ መረቁን። ያማል፣ አውቃለሁ፣ እማዬ እስካሁን አልተዋጠላትም፤ ግን ከሥጋው የወጣው ፎስፈረስ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከተቀቀለው 100 ግራም ይበቃል። ሁለት የተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ጨምሩበት፣ መጨረሻ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ዘይቱ ፎስፈረስ ሳይጨምር ጉልበት ይሰጣል። ሆዱ እንዳይበላሽ ግን በሻይ ማንኪያ ጀምራችሁ ከፍ አድርጉት። ሩዝ ከሰለቸው በሩዙ ፈንታ አንዳንድ ቀን የተላጠ የተቀቀለ ድንች ይሆናል።

ይህ ምግብ ካልሲየምና ቫይታሚን ይጎድለዋል። ለሳምንት ግድ የለም፣ ለወራት ግን ብቻውን አይሆንም። የእኛ ሐኪም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ በቀን እንድንጨምር ነገረን፣ ቢ ኮምፕሌክስም አዘዘ። የእናንተን ውሻ ደም ያየው ሐኪም ሌላ ሊል ይችላልና ሳትጠይቁ አትጀምሩ። የምግቡን ፎስፈረስ ወደ ደም እንዳይገባ ሆድ ውስጥ ይዞ የሚያስቀር መድኃኒት ከታዘዘም ከምግቡ ጋር ነው የሚሰጠው፣ በባዶ ሆድ ጥቅም የለውም። ለኩላሊት ተብሎ የተዘጋጀ የውሻ ምግብ ያገኘ ሰው ይግዛው፣ ከእኔ ድስት ይሻላል።

እስካሁን ያወራሁት ቀላሉን ነው። ከባዱ ማስበላቱ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ያቅለሸልሸዋል፣ አፉ ይቆስላል፣ ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል። መቻል መጀመሪያ ቀን ሩዙን አሸተተና ፊቱን አዞረ፣ ሳህኑን በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ተኛ። የሠራልን ነገር ይኸው፦ ከድሮው ምግብ ወደ አዲሱ በ10 ቀን ቀስ እያልን ቀየርን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። የቀኑን ምግብ አራት ቦታ ከፈልነው። ሽታው እንዲነሳ ለብ አደረግነው፣ በማርቆስ ብርድ የቀዘቀዘ ሩዝ ሰውም አያስበላ። ክኒኑን ምግቡ ውስጥ መደበቅም ትተናል፣ አንዴ ከመረረው ያንን ምግብ ዳግም አያይም።

በግድ አፉ ውስጥ አትክተቱ። ምግቡን ይጠላል፣ ሌላም አደጋ አለው። ያልተከተበ ውሻ በድንገት መብላት ትቶ ለሃጩ ቢዝረበረብ ወይም ጠባዩ ቢለወጥ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና እጃችሁን ወደ አፉ አታስጠጉ፣ ሐኪም ጥሩ። በኩላሊት ታሞ የቆየውም ቢሆን ሙሉ ቀን ምንም ካልበላ፣ ትውከቱ ካላቋረጠ ወይም ሽንቱ ከቆመ እስከ ነገ አትጠብቁ።

እግሩን ሲያነክስ አይታችሁ አዝናችሁ የእናንተን የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክም ሆነ ኢቡፕሮፌን፣ አትስጡት። ለኩላሊቱ ከአጥንቱም የባሰ ነው።

የጾሙ ጊዜ ሌላ ራስ ምታት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ። ፍሪዘር ያለው ከቅበላ በፊት ሥጋውን በ100 ግራም በ100 ግራም ቋጥሮ ያስቀምጥ። የሌለው የእንቁላል ነጩን በሥጋው ቦታ ያብዛ። እኛ የመቻልን የምንቀቅለው ጓሮ በከሰል ነው፣ እማዬ በጾም ቤቷ ሥጋ እንዲሸት አትፈልግም።

በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። እኛ የምንመዝነው ሰፈር ወፍጮ ቤት ነው። እኔ አቅፌው ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን፣ ልዩነቱ የእሱ ነው። መጀመሪያ ቀን 17 ኪሎ ተኩል ነበር። ባለፈው ቅዳሜ 18 ኪሎ ከሩብ ሆነ፤ ባለወፍጮው «እሱ ወፈረ፣ አንተ ከሳህ» አለኝ።