የሞኔን ቬኒስ ስታዩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ዋናው ስህተት ሕንፃ መፈለግ ነው። ብዙ ሰው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ የጣሊያኗን የውሃ ከተማ ቬኒስን የሳለባቸውን ሥዕሎች ሲያይ መስኮቱ የታለ፣ በሩ የታለ ይላል፤ ሲያጣው ደግሞ "ይሄማ አላለቀም" ብሎ ያልፋል። ሞኔን ያስጨነቀው ግን በእሱና በሕንፃው መሃል ያለው አየር ነው። ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክርስቲያኑም ብርሃን የሚያርፍባቸው ቦታዎች ናቸው። መጀመሪያ ቀለሙን እዩ፣ ሕንፃው በራሱ ጊዜ ይመጣል።

"ዓይኑ ስለታመመ ነው የደበዘዘው" የሚሉም አሉ። ሞኔ ቬኒስ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ የዓይን ሞራ እንዳለበት በሐኪም የተነገረው በ1912 ነው። ደግሞስ ከ1899 እስከ 1901 ለንደን እየተመላለሰ የቴምዝን ወንዝ በጭጋግ ሲስል ነበር እኮ! ጉም ይወዳል ሰውየው።

ሌላው፣ እዚያው ቁጭ ብሎ የጨረሳቸው መምሰሉ ነው። ከሚስቱ ከአሊስ ጋር ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ቆይቶ 37 ሥዕሎች ጀመረ። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ሰዓት ነበረው፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ያንን ሸራ ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከዚያ ፈረንሳይ፣ ዢቨርኒ ወዳለው ቤቱ ወስዶ በትዝታ ሠራባቸው። አሊስ በ1911 ሞተች፤ እሱ በ1912 ከሥዕሎቹ 29ኙን ፓሪስ ላይ አሳየ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሐዘኑን ከሥዕሉ መለየት ይከብደኛል። ግን የትኛው ቀለም ከሞቷ በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደተቀባ በዓይን መለየት አይቻልምና ሁሉንም ሐምራዊ ጥላ የለቅሶ ምልክት አናድርገው።

ሠዓሊዎች፣ ለመለማመድ ስትገለብጡት ጥላውን በጥቁር አትሙሉት። የእሱ ጥላ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ነው። የዘይት ቀለም ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ታችኛው ሳይደርቅ ብርቱካናማውን በሰማያዊው ላይ ደጋግማችሁ ካሻችሁት ጭቃ ይሆንባችኋል። ውሃውን በአግድም፣ በአጫጭር ምት፣ ከሥር ያለው ቀለም ብቅ እንዲል ክፍተት እየተዋችሁ ሥሩት።

በስልክ ብቻ አይታችሁም አትፍረዱ። ስክሪን ቀለሙን ያጋንናል፣ የቀለሙን ውፍረት ደግሞ ይደብቃል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፤ "ፓላዞ ዳ ሙላ" የሚባለው የቬኒስ ሥዕሉ እዚያ ያለው ሙዚየም የናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ነው፣ መግቢያውም ነጻ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ለእይታ መቅረቡን አረጋግጡ፤ ስትደርሱ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ።